«ሲስተም የለም» ከመባሉ በፊት፦ ዳታቤዝ ሲያስቸግር ከየት እንጀምር?

ሐዋሳ ውስጥ ከመናኸሪያ እስከ አሞራ ገደል፣ በየመስኮቱ የምትሰሙት አንድ ነገር አለ፦ «ሲስተም የለም።» ሰው ከአለታ ወንዶ ተሳፍሮ መጥቶ ይህን ይባልና ይመለሳል። መድኃኒት ሊገዙ የመጡ አዛውንት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ሻጩ ይሸማቀቃል፤ ገዢውም ቀኑ ይቃጠላል።

እኔ የምውለው ከነዚህ ሲስተሞች ጀርባ ነው። የፋርማሲ፣ የፔንሲዮን፣ የጅምላ አከፋፋይ ዳታቤዝ ሲያስቸግር ይደወልልኛል። በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ዳታቤዙ በራሱ ከሚደርስበት ጉዳት ይልቅ ሰው ደንግጦ የሚነካካው ይብሳል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የቆመው አንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ ከመንካት በፊት ማየት።

መመሪያው ማይኤስኪውኤል ወይም ማሪያዲቢ የሚባሉትን የዳታቤዝ ፕሮግራሞች ለምትጠቀሙ ነው። ትንንሽ ድርጅቶች ጋ በብዛት የማገኘው እነሱን ስለሆነ ነው። ፖስትግሬስ ለምትጠቀሙም ሐሳቡ ያው ነው፣ ትእዛዙ ነው የሚለየው። ትእዛዞቹን አፋችን ላይ እንደምንጠራቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ስትተይቡ በእንግሊዝኛ ነው፤ የሴቲንግ ስሞች ላይ ደግሞ ቃላቱ በአንደርስኮር ይያያዛሉ።

ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት

ስልክ ሲደወልልኝ ብዙ ጊዜ የምሰማው የመጀመሪያ ነገር «ሦስቴ ሪስታርት አድርጌዋለሁ» የሚል ነው። ጭንቀቱ ይገባኛል። ግን ሪስታርት ሲደረግ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ማን ማንን እንደያዘ፣ የትኛው ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የቀረበ ጥያቄ) እንደተንጠለጠለ የሚያሳየው ዝርዝር ያለው ሚሞሪ ላይ ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ችግሩ ሲመለስ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

እንዲህ አድርጉ። አንደኛ፣ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ኤረር በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ቁጥሩ በደንብ ይታይ። ሁለተኛ፣ የሰርቨሩን ኤረር ሎግ ክፈቱ። ኡቡንቱ ላይ «ቫር» ውስጥ፣ «ሎግ» ውስጥ፣ «ማይኤስኪውኤል» የሚል ፎልደር አለ፤ እዚያ ታገኙታላችሁ። ዊንዶውስ ላይ ዛምፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ራሱ ዳታው ያለበት ፎልደር ውስጥ ነው። መጨረሻ ላይ ያሉትን 50 መስመሮች አንብቡ። ከነሱ ውስጥ መጀመሪያ የወጣውን ስህተት ፈልጉ። ከሱ በኋላ የሚደረደሩት ብዙውን ጊዜ የሱ ልጆች ናቸው። ሦስተኛ፣ ሰርቨሩ መልስ የሚሰጥ ከሆነ «ሾው ፉል ፕሮሰስሊስት» በሉትና የወጣውን ዝርዝር (ማን እንደተገናኘ፣ ምን እየሠራ እንደሆነ) ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ይህ ሁሉ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም።

ቁጥሩ ምን ይላል?

2002 ወይም 2003 ከሆነ ገና በሩ ጋ አልደረሳችሁም። ሰርቪሱ ቆሟል፣ ወይም 3306 የሚባለው ፖርት በፋየርዎል ተዘግቷል፣ ወይም «ባይንድ አድረስ» የሚለው ሴቲንግ 127.0.0.1 ላይ ስለሆነ ሰርቨሩ ከራሱ ሌላ ማንንም አይሰማም። እዚህ ከተማ ደጋግሜ የሚያጋጥመኝ ምክንያት ግን ሌላ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ለሰርቨሩ አዲስ አይፒ ይሰጠዋል። የካሸር ኮምፒውተሮቹ የድሮውን አድራሻ ይዘው ያንኳኳሉ። ሰርቨሩ ደህና ነው፤ ቤት ቀይሯል እንጂ። መፍትሔው ራውተሩ ላይ ገብቶ ለሰርቨሩ ቋሚ አይፒ መስጠት ነው። አንዴ ከተሠራ ሁለተኛ አያስቸግርም።

1045 ወይም 1130 ከሆነ ደርሳችኋል፣ ግን አትግቡ ተብላችኋል። ፓስወርዱ ትክክል ሆኖም ይህ ሊመጣ ይችላል። ማይኤስኪውኤል ተጠቃሚን የሚያውቀው በስም ብቻ አይደለም፣ ከየት እንደመጣም ያያል። በሰርቨሩ ላይ ሆኖ የሚገባ «ካሸር» እና ከሌላ ኮምፒውተር የሚገባ «ካሸር» ለሱ ሁለት ሰዎች ናቸው። የካሸሯ ኮምፒውተር አይፒ ከተቀየረ ትናንት የገባችው ልጅ ዛሬ እንግዳ ትሆናለች።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከቤት ሆኜ ልግባ ብላችሁ 3306ን ለኢንተርኔት አትክፈቱት። ቪፒኤን ወይም ኤስኤስኤች የሚባለውን የተመሰጠረ መንገድ ተጠቀሙ።

ዲስክ ሲሞላ

ሁሉም ነገር ቆሞ ምንም ኤረር ካልወጣ ዲስኩን እዩ። ሊኑክስ ላይ «ዲኤፍ» ከ«ሰረዝ ኤች» ጋር ነው። ዲስክ ሲሞላ ማይኤስኪውኤል አይሞትም። በየደቂቃው ቦታ ተገኘ ወይ እያለ ያያል፣ ይጠብቃል። ከውጭ ለሚያየው ሀንግ ያደረገ ይመስላል።

ብዙ ጊዜ ቦታውን የሚበላው ባይናሪ ሎግ፣ ማለትም ዳታው ላይ የተደረገው ለውጥ ሁሉ የሚመዘገብበት ፋይል ነው። ማይኤስኪውኤል 8.0 ላይ ሳትነኩት የበራ ነው፣ የ30 ቀንም ያከማቻል። ፋይሎቹን በእጃችሁ እንዳታጠፏቸው። «ፐርጅ ባይናሪ ሎግስ» የሚባል ትእዛዝ አለው፤ በሱ የቆዩትን አስወግዱ። ወደ ሌላ ሰርቨር የሚገለበጥ ዳታ ካላችሁ ግን ያኛው ሰርቨር የት ድረስ እንዳነበበ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

1040፦ የታኅሣሥ 18 ማታ

የሐዋሳ ገብርኤልን የሚያውቅ ያውቀዋል። ታኅሣሥ 19 ሊነግስ፣ በዋዜማው ከተማው ውስጥ አልጋ አይገኝም። አንድ ዓመት በዚያች ማታ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የአንድ ፔንሲዮን ሪሴፕሽን ደወለችልኝ። «ኢንጂነር፣ ሰው ሞልቷል፣ ሻንጣ ተደርድሯል፣ ሲስተሙ ግን አላስገባም አለኝ» አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ባጃጅ ይዤ ሄድኩ።

ኤረሩ 1040 ነበር፤ ኮኔክሽን ሞልቷል ማለት ነው። ማይኤስኪውኤል ካልቀየራችሁት በአንዴ 151 ኮኔክሽን ብቻ ነው የሚቀበለው። ከዚያ በላይ አንዲት ቦታ ለአስተዳዳሪ ትቀመጣለች፤ እንደ መጠባበቂያ ቁልፍ ናት። ችግሩ፣ ፕሮግራሙ ራሱ የሚገባው በ«ሩት»፣ ሁሉ በተፈቀደለት የአስተዳዳሪ ስም ነበር። ስለዚህ መጠባበቂያ ቁልፏንም ወስዷታል። እኔ መግቢያ የለኝም። አንዱን የሪሴፕሽን ኮምፒውተር አዘጋሁና በተለቀቀችው ቦታ ፈጥኜ ገባሁ።

ፕሮሰስሊስቱን ሳወጣው ከላይ እስከ ታች «ስሊፕ፣ ስሊፕ፣ ስሊፕ» ይላል። አጠገቡ ያለው የሰከንድ ቁጥር 4 ሺህ፣ 9 ሺህ ነው። ሥራ የሚሠራ የለም። ፕሮግራሙ አንድ ክፍል ነፃ መሆኑን ባየ ቁጥር አዲስ ኮኔክሽን ይከፍታል፣ አይዘጋም። ሰርቨሩ ደግሞ ዝም ያለ ኮኔክሽንን የሚያባርረው ከ28,800 ሰከንድ በኋላ ነው። ያ 8 ሰዓት ነው። በሌላ ቀን 8 ሰዓት ውስጥ ያን ያህል ሰው ስለማይመጣ አይታወቅም። በገብርኤል ዋዜማ ግን ሞላ።

እንዲህ ሲገጥማችሁ፦

በመጀመሪያ «ስሊፕ» የሚሉትንና ሰከንዳቸው የበዛውን በ«ኪል» ዝጉ። ሥራ ወዲያው ይቀጥላል።

ቀጥሎ «ወይት ታይምአውት» የሚለውን ሴቲንግ ወደ 300 ሰከንድ አውርዱ። ይህ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚከፈቱ ኮኔክሽኖች ነው። ኮንፊግ ፋይሉ ላይም ጻፉት፤ 8.0 ላይ «ሴት ፐርሲስት» ብላችሁ ብትሰጡት ሪስታርት ቢደረግም ይቆያል።

ከዚያ ለፕሮግራሙ የራሱ ተጠቃሚ ፍጠሩለት፤ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ብቻ ስጡት። «ሩት» የእናንተ ይሁን።

በመጨረሻ ፕሮግራሙን ለሠራው ሰው ንገሩት። ኮኔክሽን ከፍቶ የማይዘጋ ኮድ ካልተስተካከለ የተቀረው ሁሉ ማስታገሻ ነው።

«ማክስ ኮኔክሽንስ» የሚለውን ከፍ ላድርገው የሚል ሰው ብዙ ነው። አንዳንዴ ትክክል ነው። ግን እያንዳንዱ ኮኔክሽን ሚሞሪ ይበላል። የሚያፈስ ባልዲ በትልቅ ባልዲ ቢቀየር መፍሰሱ አይቀርም።

አንዱ ሌላውን ሲይዝ

1205 የሚል ኤረር ከወጣ አንድ ሰው የጀመረውን ሳይጨርስ ረድፉን ይዞ ተቀምጧል። ካሸር አንድ ደረሰኝ ከፍታ፣ ሳትጨርሰው ምሳ ወጥታለች እንበል። ሌሎቹ ያንኑ ዕቃ መሸጥ ሲፈልጉ 50 ሰከንድ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ኤረር ይወጣባቸዋል። ሻጮቹ «ኔትወርክ ነው» ይላሉ። አይደለም።

«ኢንፎርሜሽን ስኪማ» ውስጥ «ኢኖዲቢ ቲአርኤክስ» የሚል ቴብል አለ። እሱን ሰሌክት አድርጉና ከጀመረ ብዙ የቆየውን ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸኑ ወይም አብረው የሚመለሱ ትእዛዞች ጥቅል) ፈልጉ። የኮኔክሽን ቁጥሩም እዚያው አለ። መጀመሪያ ሰውየዋን ጥሯት፤ ሥራዋን ትጨርስ ወይም ትሰርዘው። ካልተገኘች «ኪል» አድርጉ። ትራንዛክሽኑ ትልቅ ከሆነ ወደኋላ ለመመለስ ጊዜ ይወስዳል፣ ታገሡት።

1213 ሌላ ነው። ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ተያይዘው ሰርቨሩ አንዱን መርጦ አስለቅቋል። ይህ አልፎ አልፎ ቢመጣ በሽታ አይደለም፤ ፕሮግራሙ እንደገና ይሞክር። ለፕሮግራመሮች አንድ ልዩነት ልንገራችሁ። በ1213 ጊዜ ትራንዛክሽኑ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። በ1205 ጊዜ ግን፣ ሴቲንጉን ካልቀየራችሁ፣ የሚመለሰው የመጨረሻዋ ትእዛዝ ብቻ ናት። ይህን ሳያውቁ የቀጠሉ ሰዎች ግማሹ የተጻፈ ደረሰኝ አግኝተዋል። «ሮልባክ» ብላችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

ቴብሎቹን ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው የማይኤስኪውኤል ክፍል ኢኖዲቢ ይባላል፤ ድንገተኛ መጥፋት ታስቦበት የተሠራ ነው። ለውጦች መጀመሪያ ሪዱ ሎግ በሚባል ፋይል ላይ ይሰፍራሉ። ሰርቨሩ ሲነሣ ያን አንብቦ፣ ያለቀውን ያጸናል፣ ያላለቀውን ይመልሳል። ይህ ሰከንዶች ወይም ብዙ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። ኤረር ሎጉ ላይ «ክራሽ ሪከቨሪ» የሚል ካያችሁ እየሠራ ነው። እጃችሁን ሰብስቡ። «አልነሣ አለ» ብሎ መልሶ ማጥፋት ሥራውን እንደ አዲስ ማስጀመር ነው።

ሎጉ ፋይል ተበላሽቷል የሚል ከሆነ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ሰርቪሱን አቁሙ። የዳታ ፎልደሩን ሙሉውን ወደ ሌላ ዲስክ ኮፒ አድርጉ። ይህን ሳታደርጉ ምንም አትሞክሩ። ከዚያ «ኢኖዲቢ ፎርስ ሪከቨሪ» የሚለውን 1 ላይ አድርጋችሁ አስነሡ። እምቢ ካለ 2፣ ከዚያ 3። 4 እና ከዚያ በላይ ያሉት ራሳቸው ዳታ እስከመጨረሻው ሊያበላሹ ይችላሉ፤ ኮፒ ከሌላችሁ እንዳትነኳቸው። ሰርቨሩ እንደተነሣ ዳታውን ደምፕ አድርጋችሁ (ወደ ፋይል ገልብጣችሁ) አውጡና አዲስ ሰርቨር ላይ ጫኑት። በተጠገነው ላይ ሥራ አትቀጥሉ።

ዛምፕ ለምትጠቀሙ ለብቻው ልናገር። ማይኤስኪውኤል አልነሣ ሲል «አይቢዳታ 1 የሚለውን ፋይል አጥፋው፣ ይሠራል» የሚል ምክር ይዞራል። እውነት ነው፣ ሰርቨሩ ይነሣል። የኢኖዲቢ ቴብሎቻችሁ ግን አይከፈቱም። አንድ የጅምላ አከፋፋይ የሁለት ዓመት የዱቤ መዝገብ በዚህ ምክር ሲጠፋ ቆሜ አይቻለሁ። ባለቤቱ ምንም አልተናገሩም፤ ኪቦርዱን እያዩ ዝም አሉ። ያን ፋይል አትንኩት። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሌላ ማይኤስኪውኤል ተጭኖ 3306ን ይዞታል።

ዩፒኤስ ካላችሁ የዩኤስቢ ገመዱን ሰርቨሩ ላይ ሰኩት። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ ራሱን በሥርዓት እንዲያጠፋ የሚያደርገው ያ ገመድ ነው። ብዙ ቦታ ካርቶኑ ውስጥ ነው የማገኘው። ለፍጥነት ተብሎ «ኢኖዲቢ ፍለሽ ሎግ አት ቲአርኤክስ ኮሚት» የሚለው ወደ 0 ወይም 2 ተቀይሮ እንደሆነም እዩ። 1 ላይ መልሱት። አለበለዚያ መብራት ሲሄድ የመጨረሻዋ ሰከንድ ሽያጭ ልትጠፋ ትችላለች። የቆዩ ፕሮግራሞች ላይ ደግሞ ቴብሉ ማይአይሳም የሚባለው የድሮ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ እሱ እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም። ባካፕ ወስዳችሁ ወደ ኢኖዲቢ ቀይሩት።

ኩዌሪው ሲንቀራፈፍ

መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ እወቁ። «ስሎው ኩዌሪ ሎግ»ን አብሩ። ሳይነካ የሚመዘግበው ከ10 ሰከንድ በላይ የፈጀውን ነው፤ ወደ 1 አውርዱት። አንድ ቀን ይዋል። ማታ ስታዩት ብዙውን ጊዜ ጥፋተኞቹ ሦስት አራት ብቻ ናቸው።

ከዚያ ኩዌሪውን ወስዳችሁ ከፊቱ «ኤክስፕሌን» ጨምሩበት። «ታይፕ» በሚለው ሥር «ኦል» ካለ ቴብሉን ከዳር እስከ ዳር እያነበበ ነው። «ኪ» በሚለው ሥር ባዶ ከሆነ ኢንዴክስ አላገኘም።

ኢንዴክስን የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል አድርጋችሁ አስቡት። ካርዶቹ በቁጥር ተደርድረዋል። ቁጥር ይዞ የመጣ ወዲያው ይስተናገዳል። «ስሜ ብቻ ነው የማውቀው» ያለ ግን ሠራተኛዋ ሁሉንም ካርድ ትገልብጥለት። በስም የተደረደረ ሌላ መዝገብ ሲኖር ግን እሱም ይፈጥናል። ሁለት ዓምድ ያለው ኢንዴክስ ደግሞ መጀመሪያ በቀበሌ፣ ቀበሌው ውስጥ በስም እንደተደረደረ ነው። ቀበሌውን ሳይናገር ስም ብቻ ይዞ የመጣ አይጠቀምበትም። ስለዚህ ዓምዶቹን የምታስቀድሙበት ቅደም ተከተል ዋጋ አለው።

ኢንዴክስ እያለም ኩዌሪው የማይጠቀምበት ጊዜ አለ። ደጋግሜ ያየኋቸው እነዚህ ናቸው።

የቀን ዓምዱን «ዬር» በሚል ፈንክሽን ጠቅልሎ 2024 የሆነውን አምጣ ማለት። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ረድፍ ዓመቱን ማስላት አለበት። ይልቅ ከ2024-01-01 ጀምሮ ከ2025-01-01 በፊት ያለውን ጠይቁ። መልሱ አንድ ነው፤ ፍጥነቱ ግን አይገናኝም።

«ላይክ» ብሎ ፐርሰንቱን ከፊት ማድረግ። መጨረሻው እንዲህ የሆነ ስም ፈልግልኝ እንደማለት ነው፤ የትኛውም ድርድር አይረዳውም።

ስልክ ቁጥር። ዓምዱ ቫርቻር (የጽሑፍ ዓይነት) ሆኖ ስትፈልጉ ቁጥሩን ያለ ጥቅስ ምልክት ከጻፋችሁ፣ ሰርቨሩ ሁሉንም ረድፍ ወደ ቁጥር ይቀይራል፤ ኢንዴክሱ ይቀራል። ዓምዱ ኢንት (የቁጥር ዓይነት) ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከፊት ያለችው ዜሮ ትጠፋለች። በ251 የሚጀምረው አሥራ ሁለት አኃዝ ደግሞ ኢንት ከሚይዘው በላይ ነው። የቆዩ ሰርቨሮች ዝም ብለው ጣሪያው ላይ ያቆሙታል፤ ጣሪያው 2147483647 ነው። የደንበኞች ዝርዝር ላይ ይህ ቁጥር ሲደጋገም ካያችሁ እውነተኛው ስልክ ጠፍቷል። ስልክ የሚደመር የሚቀነስ ነገር ስላልሆነ ከመጀመሪያው ቫርቻር አድርጉት።

ኩዌሪዎቹ ደህና ሆነው ሁሉም ነገር ከዘገየ «ኢኖዲቢ በፈር ፑል ሳይዝ»ን እዩ፤ ዳታቤዙ ዳታውን የሚይዝበት የራም መጠን ነው። ሳይነካ 128 ሜጋባይት ነው። 16 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ተገዝቶ ዳታቤዙ በ128 ሜጋባይት ሲተነፍስ ማየት ያሳዝናል። ማሽኑ ለዳታቤዝ ብቻ ከሆነ ከራሙ ከ50 እስከ 70 በመቶ ስጡት። ሌላ ፕሮግራም አብሮ ካለ ቀነስ አድርጉ።

ሪፖርቱ ፈጥኖ ቢመጣም ድምሩ ልክ ላይሆን ይችላል። አንድ ሽያጭ 3 ዕቃና 2 ክፍያ ካለው፣ ሦስቱን ቴብሎች በአንድ ጆይን ስታገናኟቸው 6 ረድፍ ይወጣል። ክፍያው ሦስት እጥፍ ሆኖ ይደመራል። ክፍያውን ለብቻ፣ ዕቃውን ለብቻ ደምራችሁ ከዚያ አገናኙ።

የአማርኛ ስም ጥያቄ ምልክት ሲሆን

በፊደላችን የተጻፈ ስም ሲበላሽ ሁለት መልክ አለው። አንድ ፊደል አንድ ጥያቄ ምልክት ከሆነ ጠፍቷል፤ ከወረቀት ካልሆነ አይመለስም። አንድ ፊደል ሦስት የማይነበቡ የላቲን ምልክቶች ሆኖ ከወጣ ግን አይዟችሁ፣ ዳታው ብዙ ጊዜ አለ። የግእዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ኮድ ሦስት ባይት ይይዛል፤ የምታዩት ሦስቱ ባይቶች በተሳሳተ ዓይን ሲነበቡ ነው። ሁለቱንም የሚያመጣው በአብዛኛው ከ8.0 በፊት የነበሩት ሰርቨሮች ሳይነኩ የሚይዙት «ላቲን 1» የሚባለው፣ የእኛን ፊደል የማያውቅ ኮድ ነው።

ሦስት ቦታ እዩ፦ ቴብሉን፣ ኮኔክሽኑን፣ ፕሮግራሙን። ሦስቱም «ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4» ይሁኑ። ማይኤስኪውኤል «ዩቲኤፍ 8» ብቻ የሚለው ከሦስት ባይት በላይ አይዝም። ለአማርኛ ይበቃል፤ በ2021 ወደ ዩኒኮድ የገቡት ለጉራጌ ቋንቋዎች የተጨመሩ ፊደሎች ግን አራት ባይት ናቸው። ስማቸውን በትክክል የሚጽፉ ደንበኞች ሲመጡ አንመልሳቸው።

ሲዳሙ አፎ በላቲን ስለሚጻፍ ይህ ችግር የለበትም፤ የራሱ ግን አለው። በቃላቱ መሃል የሚገባው ነጠላ ጥቅስ ምልክት፣ በእጅ በተገጣጠመ ኩዌሪ ውስጥ ሲገባ 1064 ያመጣል። ምልክቱን ከስሙ ላይ የሚያነሡ መዝጋቢዎች አሉ። ሰውየው ስሙን ለምን ያጣ? ፕሮግራመሩ ትእዛዙንና ዳታውን ለይቶ የሚልከውን «ፕሪፔርድ ስቴትመንት» ይጠቀም። ያው መፍትሔ ሰርጎ ገቦችንም ይከለክላል።

ወደ ፍለጋ እንምጣ። አንድ ፋርማሲ የዱቤ ዝርዝር ላይ አንድ ደንበኛ ሦስት ቦታ ተመዝግበው አገኘሁ፦ ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ። ዕዳቸውም ሦስት ቦታ ተከፋፍሏል። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለዳታቤዙ ግን ሦስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። እንዲህ አስተካከልነው። ሰው ስሙን የጻፈበትን መልክ አልነካንም። አጠገቡ ሌላ ዓምድ ጨምረን፣ እዚያ ላይ ተመሳሳይ ድምፆችን ሁሉ ወደ አንድ ፊደል መልሰን ጻፍን። «ገ/ጊዮርጊስ»ን «ገብረጊዮርጊስ» አደረግን፤ ክፍተቱንም አነሣን። ኢንዴክሱን እዚያ ላይ አቆምነው። ፈላጊው የተየበውም በዚያው መንገድ ተቀይሮ ይፈለጋል። ደረሰኙ ላይ የሚወጣው የመጀመሪያው ስም ነው።

ፉልቴክስት ኢንዴክስ (ጽሑፍ ውስጥ ቃል የሚፈለግበት) ለምትጠቀሙ ደግሞ፦ ኢኖዲቢ ሳይነካ ከሦስት ፊደል በታች ያለ ቃል አይመዘግብም። «ቤት»፣ «ውሃ»፣ «ሰው» በሱ አይገኙም ማለት ነው። «ኢኖዲቢ ኤፍቲ ሚን ቶክን ሳይዝ»ን 2 አድርጉ፣ ሰርቨሩን አስነሥታችሁ ኢንዴክሱን እንደገና ሥሩ።

ጥቅምት 30 ለምን አልገባ አለ?

አንዲት መዝጋቢ «ሲስተሙ ጥቅምት 30ን ይጠላል» አለችኝ። ትክክል ነበረች። ፕሮግራሙ የእኛን ቀን እንዳለ «ዴት» ዓምድ ውስጥ ይከተዋል። 2016-02-30 ብሎ ሲልክ ዳታቤዙ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም ብሎ በ1292 ይመልሰዋል። ጳጉሜ ደግሞ 13ኛ ወር ስለሆነች ጭራሽ አትገባም። ጥብቅ ያልሆኑ የቆዩ ሰርቨሮች ዝም ብለው ሁሉንም ዜሮ ያደርጉታል፤ ያ ይብሳል።

ከዚህም የከፋው በሰላም የሚገባው ነው። ጥር 30 ገብቶ የካቲት 1 የወጣ እንግዳ አንድ ሌሊት ነው ያደረው። ዳታቤዙ ግን ሜይ 30 እና ጁን 1 አድርጎ ያየዋል፤ ሜይ 31 ቀን ስላለው ሁለት ሌሊት ያስከፍላል። እንግዳው ሲከራከር ሪሴፕሽኗ ኮምፒውተሩን ታምናለች። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጡ። ወደ እኛ አቆጣጠር የምትቀይሩት ስክሪንና ደረሰኝ ላይ ሲወጣ ነው።

ሰዓቱንም እዩ። ሰርቨሩ ዩቲሲ (ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ያለው የዓለም ሰዓት) ላይ ከሆነ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የተመዘገበው ሁሉ ወደ ትናንት ይሄዳል። ሌሊት እንግዳ የሚቀበል ቤት ሒሳቡ የማይገጥመው አንዳንዴ በዚህ ነው። «ዲፎልት ታይም ዞን»ን +03:00 አድርጉ።

ዌር የሌለው አፕዴትና ባካፕ

ዳታ በእጅ ስታስተካክሉ መጀመሪያ በዚያው «ዌር» (የትኞቹ ረድፎች እንደሚነኩ በሚወስነው ክፍል) ሰሌክት አድርጋችሁ ስንት ረድፍ እንደሚወጣ ቁጠሩ። «ስታርት ትራንዛክሽን» በሉ። አፕዴቱን አሂዱ። ቁጥሩ ከቆጠራችሁት ጋር ከገጠመ «ኮሚት»፣ ካልገጠመ «ሮልባክ»። «ሴፍ አፕዴትስ»ን ብታበሩት ዌር የሌለውን ራሱ ይከለክላችኋል።

ስህተቱ አንዴ ከተሠራ ፕሮግራሙን አቁሙ፣ ባይናሪ ሎጉን አትንኩ። የሌሊቱን ባካፕ ሌላ ማሽን ላይ መልሱ። ከዚያ ባይናሪ ሎጉን ስህተቱ እስከተሠራበት ቅጽበት ድረስ አጫውቱበት። እስከዚያ ቅጽበት የተሠራው የቀኑ ሥራ ይመለሳል።

ይህ የሚሆነው ግን ባይናሪ ሎጉ በርቶ፣ ባካፑም የሚሠራ ከሆነ ነው። ማይኤስኪውኤል ደምፕን ከ«ሲንግል ትራንዛክሽን» ጋር በየሌሊቱ አሂዱ፤ ኢኖዲቢ ላይ ሥራ ሳያቆም ይወስዳል። አንዱ ኮፒ ከሕንጻው ውጭ ይደር። ሁልጊዜ ሰርቨሩ ላይ ተሰክቶ የሚውል ፍላሽ ባካፕ አይባልም፤ ቫይረስ ሲገባ አብሮ ይሄዳል።

በወር አንድ እሑድ ጠዋት፣ ከተማው ሐይቅ ዳር ሲወጣ፣ ባካፑን ባዶ ላፕቶፕ ላይ መልሱት። የሽያጭ ቴብሉን ረድፍ ቁጠሩ። የመጨረሻውን ደረሰኝ ቁጥር ቅዳሜ ማታ ከታተመው ወረቀት ጋር አስተያዩ። አንድ የአማርኛ ስም ከፍታችሁ በትክክል መነበቡን እዩ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ካልገጠመ ምክንያቱን ለሰኞ አታሳድሩት።